ስም የለሹ በርገር ቤት፦ ሥጋው ምስጉን፣ «ስፔሻሉ» ግን ይቅርብኝ

በርገር ቤት ስገባ ከምግብ ዝርዝሩ በፊት የማየው ምጣዱን ነው። ምጣዱ ወፍራም ብረት ከሆነ፣ ከጎኑ ስለታም መፋቂያ ካለ፣ ሥጋውም ገና ጥሬውን ተድቦልቡሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ሥጋው አስቀድሞ ተጠብሶ በትሪ ተደርድሮ ካየሁ ግን ማኪያቶ ጠጥቼ መውጣትን እመርጣለሁ። ዛሬ የምጽፍለት ቤት ይህን ፈተና በመጀመሪያው ቀን አልፏል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ወራት ሰባት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ስድስቱን ጊዜ ደስ ብሎኝ፣ አንዱን ጊዜ ደግሞ ተቆጥቼ ወጥቻለሁ።

ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ውስጥ፣ 22 ማዞሪያ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚታጠፍ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «በርገር» ብቻ ይላል። የቤቱን ስም ስጠይቅ አስተናጋጇ «ገና አልወጣለትም» ብላ ሳቀች፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ስም የማልጠራው ከዚሁ የተነሣ ነው። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ምጣዱን ፊት ለፊት የሚያዩ ስድስት ረጃጅም ወንበሮችና ከበሩ ውጪ ሁለት ጠረጴዛዎች አሉት። የሚጠብሰው አንድ ወጣት ሲሆን፣ ደንበኛ ሁሉ በዓይኑ እየተከተለው እንኳ እጁ አይቸኩልም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ራሱ የምግቡ ግማሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አስቀድሜ የራሴን ምርጫ ልናገር፤ አንባቢ ፍርዴን በእሱ ይመዝን። በርገር የሥጋ ምግብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከላይ የሚደረደረው ሁሉ ሥጋውን ለማጉላት እንጂ ለመሸፈን መሆን የለበትም። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም፤ ማዮኔዝ የሌለበትን በርገር «ደረቅ ዳቦ» ትለዋለች። ሁለት ጊዜ አብራኝ ሄዳ የበላችው ከእኔ የተለየ ነበረና የእሷም ሐሳብ እዚህም እዚያም ይገባል።

የቤቱ ዋና ብርታት ሥጋው ነው። ለበርገር የሚሆነው ሥጋ እኛ ለክትፎ ከምንመርጠው ጋር ተቃራኒ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ክትፎ ጅማትም ጮማም የሌለበት ቀይ ሥጋ ይፈልጋል፤ ቅባቱን ኋላ በንጥር ቅቤ እንሰጠዋለን። በርገር ግን ቅቤ የሚያፈስለት የለም፤ ቅባቱ ከራሱ ከሥጋው መውጣት አለበት፤ ስለዚህም በሙያው የተካኑ ሰዎች ከመቶ 20 እጅ ያህል ጮማ ያለው ሥጋ ይመርጣሉ። የእኛ አገር በሬ ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜውን ሣርና ገለባ እየበላ፣ ብዙ ጊዜም ሲያርስ ከርሞ የሚታረድ በመሆኑ ሥጋው ጠንካራና ጮማው ጥቂት ነው። ብዙ የአዲስ አበባ በርገር ቤቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ «ምርጥ ሥጋ» ብለው የገዙትን ንጹሕ ቀይ ሥጋ ፈጭተው ይጠብሱታል፤ ከምጣዱ ሲወጣም እንደ ጫማ ሶል ይደርቃል፤ ከዚያ ድርቀቱን ለመሸፈን ማዮኔዝ ይጭኑበታል።

ወጣቱን ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ዳቢትና ፍሪንባ ነው የማመጣው፤ ጮማው ካነሰኝ ከሻኛው እጨምራለሁ» አለኝ። ሥጋ ቤቱ ጠዋት የላከለትን በጓዳው ባለችው መፍጫ ራሱ ይፈጨዋል፤ ያውም ቀዳዳው ሰፋ ባለው ወንፊት አንድ ጊዜ ብቻ። ድቡልቡሉን ከማቀዝቀዣ ሲያወጣው ቀዩና ነጩ ተለያይቶ ይታያል፤ ገና ተፈጭቶ እንደወጣ ክሩ ያልተበጠሰ ነው፤ አላሸውም፣ አልጨመቀውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ቤቴ ውስጥ ለብዙ ዓመት የተፈጨውን ሥጋ ከጨው፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከእንቁላልና ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር እንደ ሊጥ ሳሽ ኖሬያለሁ፤ የሚወጣልኝ ግን በርገር ሳይሆን ክብ ቋሊማ ነበር። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ጨው ከተፈጨ ሥጋ ጋር ሲታሽ የሥጋውን ፕሮቲን ያሟሟና እንደ ማጣበቂያ እርስ በርሱ ያያይዘዋል፤ ለቋሊማ የሚፈለገው ያ ነው፣ ለበርገር ግን ጥፋት ነው። በዚህ ቤት ጨውና ቁንዶ በርበሬ የሚነሰነሰው ሥጋው ምጣድ ከነካ በኋላ፣ ከላይ ብቻ ነው።

አጠባበሱን በቅርብ የሚያይ ሰው ገንዘቡ አይቆጨውም። ለአንድ ሰው ሁለት ድቡልቡል ይወጣል፤ እያንዳንዱ 80 ግራም ያህል መሆኑን ነግሮኛል። ምጣዱ ጢስ ሊያወጣ ጥቂት ሲቀረው ድቡልቡሉን ያሳርፈዋል፤ በላዩ ወረቀት ጣል አድርጎ እጀታ ባለው ከባድ ብረት ይጫነዋል፤ እስከ አሥር የሚያስቆጥር ጊዜ ያህል ክብደቱን ሁሉ ጥሎበት ይቆያል። ወረቀቱ ሲነሣ ሥጋው ከዳቦው ሰፍቶ፣ ዳር ዳሩ እንደ ጥልፍ ሳስቶ ይታያል። ከዚያ በኋላ እስኪገለበጥ ድረስ አይነካውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥጋ ምጣድ ላይ እያለ በመገልበጫ ደጋግሞ መጫን ጭማቂውን ሁሉ ምጣዱ ላይ ያስቀረዋል፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች፣ ጮማው ቀዝቃዛና ጠጣር እንደሆነ አንድ ጊዜ መደፍጠጥ ግን አይጎዳውም። እንዲያውም ትርፉ ብዙ ነው፤ ሥጋው በሙሉ ፊቱ ብረቱን ስለሚነካ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ቅርፊት ያወጣል።

ይህ ቅርፊት ነው የበርገር ጣዕም የሚባለው። ቡና ሲቆላና ዳቦ ሲጋገር ለሚወጣው መዓዛ ምክንያት የሆነው ኬሚካዊ ለውጥ በሥጋው ላይም ይካሄዳል፤ ሉዊ ካሚል ማያር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪምና ኬሚስት በ1912 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ለውጡ በደንብ የሚፋጠነው ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ውኃው ተንኖ ካላለቀ ከመፍያ ነጥቡ ብዙም አይዘልም። በቀጭን ቴፍሎን መጥበሻ ላይ አራት በርገር አንድ ላይ የሚጥል ሰው ሥጋው ለምን እንደሚነጣና ውኃ እንደሚቋጥር መልሱ ይኸው ነው፤ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋውም በመጠበስ ፈንታ ይቀቀላል። ወጣቱ በመፋቂያው ሥጋውን ከነቅርፊቱ ገሽልጦ ሲገለብጠው የሚሰማው ድምፅ ድስት ሥር የያዘ ምግብ በብረት ማንኪያ ሲፋቅ ያለውን ይመስላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

እዚህ ላይ ስለ ብስለት አንድ ነገር ልበል፤ ጉዳዩ ሁልጊዜ ይገርመኛልና። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ የሚወድ፣ «ለብ ለብ ይደረግልኝ» ሲባል እንኳ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው በርገር ቤት ሲገባ «በደንብ ይጠበስልኝ፣ ቀይ እንዳላይ» ይላል። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ፤ አላፍርበትምም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይበሉ እንደነበር ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ዋጋው የታወቀ ነበር ማለት ነው። የተፈጨ ሥጋ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ በሙዳ ሥጋ ላይ ፊቱ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ባክቴሪያ ሥጋው ሲፈጭ ወደ መሐሉ ሁሉ ይሠራጫል። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በደንብ ባልበሰለ በርገር ሰበብ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሕፃናት ሞተዋል፤ የዚያ አገር የግብርና ሚኒስቴርም የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ይመክራል። ወፍራም፣ 200 ግራም የሚመዝን በርገር እዚያ ሙቀት ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ ጠፍጥፎ የሚጠበሰው ቀጭን ሥጋ ግን እስከ መሐሉ በስሎም ከቅርፊቱና ከጮማው የተነሣ አይደርቅም። ስለዚህ ለእንደኔ ያለው ፈሪ ይህ አጠባበስ መፍትሔ ነው። ቤቱ ወፍራሙንም በትእዛዝ ይሠራል፤ አንድ ቀን ሞክሬው መሐሉ ሮዝ ሆኖ መጣ፣ ጣዕሙም መልካም ነበር፤ ግን እየበላሁ ሳስብ ስለዋልሁ ሁለተኛ አላዘዝሁትም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። በምግብ ዝርዝሩ አናት ላይ በትልቁ የተጻፈው «ስፔሻል» ነው፤ ብዙ ደንበኛም የሚያዘው እሱን ነው። በላዩ ቺዝ፣ ሞርታዴላ፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ማዮኔዝና ካቻፕ ይደረጋል፤ ጥቂት ችፕስም ከውስጥ ይገባል። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይተናነስም። ይህን በሁለት እጅ ይዤ ለመንከስ ስሞክር እንቁላሉ በግራ፣ ቲማቲሙ በቀኝ ወጣ፤ አስኳሉ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ፤ አፌ ውስጥ የገባው በአብዛኛው ዳቦና ማዮኔዝ ነበር። ያን ሁሉ የደከመበት ቅርፊት የት ገባ? ካቻፑ አጣፍጦት፣ ቲማቲሙ አርሶት ጠፍቷል። እንቁላልን አልጠላም፤ በርገር ላይ እንቁላል የሚወድ ሰው አስኳሉ እንዲረጋ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሞርታዴላው ግን ለምን እንደተጨመረ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ከሥጋ ላይ ሥጋ፣ ያውም ለስላሳና ጨዋማ። ባለቤቴ «ስፔሻል ያሰኘው እሱ ነው» ብላ ተከራክራኛለች፤ የእሷንም ጨርሳዋለች።

አንድ ነገር ለስፔሻሉ መከላከያ ላቅርብ። እናቴ «ሃምበርገር» የሚለውን ስም ሰምታ «ሃም አለበት» እያለች ለዓመታት አልቀመሰችውም ነበር፤ ስሙ ከጀርመኗ ሃምቡርግ ከተማ የመጣ እንጂ ከአሳማ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ባስረዳትም አላመነችኝም። በዚህ ቤት ሞርታዴላው ከበሬ ሥጋ የተሠራ መሆኑ በዝርዝሩ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ይህን የማይጽፉ ቤቶች ብዙ ናቸው።

እኔ የማዝዘው ሌላ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ የለም፣ ቢጠየቅ ግን ይሠራል። በሁለተኛው ጉብኝቴ ወጣቱን ቀይ ሽንኩርት እንደ ወረቀት አሳስቶ ከትፎ፣ ከመጫኑ በፊት ድቡልቡሉ ላይ አንድ እፍኝ እንዲያደርግልኝ ለመንሁት። ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ኤል ሬኖ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ አሠራር ነው። ሥጋ ውድ በነበረበት ዘመን ርካሹን ሽንኩርት ሥጋው ውስጥ እየደፈጠጡ መጠኑን ያበዙት ነበር ይባላል። የድህነት ብልኃት ሆኖ ተጀምሮ ምርጫ ሆኖ ቀረ። የእኛ ቀይ ሽንኩርት ከእነሱ ይልቅ ውኃው ያነሰና ኃይለኛ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ የበለጠ ይስማማል። ሥጋው ሲገለበጥ ሽንኩርቱ ከታች ይሆናል፤ ከሥጋው በወጣው ጮማ ይጠበሳል፤ ግማሹ ወርቃማ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር እስኪመስል ያራል፤ ሽታው የዶሮ ወጥ ቁሌት መጀመሪያ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ወጣቱ የመጀመሪያውን ሲሠራ ሽንኩርቱን አብዝቶት ሥጋው ተበታተነበት፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህ የኔ ይሁን» ብሎ ለራሱ አስቀምጦ ሌላ ሠራልኝ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከበላኋቸው በርገሮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ስለ ቺዝ ሁለት ዓይነት አማራጭ አላቸው፤ አንዱ በቀጭኑ ተቆርጦ በላስቲክ ተለይቶ የታሸገው፣ ሁለተኛው እዚሁ አገር የሚመረተው ፕሮቮሎን ነው። ለብቻው ለመብላት ፕሮቮሎኑን እመርጣለሁ፤ በርገር ላይ ግን ሳልወድ በግድ የታሸገውን አደንቃለሁ። የታሸገው ቺዝ በመሠረቱ እንዲቀልጥ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጄምስ ክራፍት በአሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ ቺዝ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1916 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኋላ ላይ የተለመዱት የሚጨመሩ ጨዎች ቅባቱና ውኃው እንዳይለያይ ያደርጉታል። ትኩስ ሥጋ ላይ ሲያርፍ እንደ ወጥ ተንጠፍጥፎ ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላል። ፕሮቮሎኑ ግን ወፈር ብሎ ስለሚቆረጥ ግማሽ ቀልጦ ግማሽ ጠጥሮ ይመጣል፤ ወጣቱ በክዳን ሸፍኖ ሁለት ጠብታ ውኃ ምጣዱ ላይ ቢያንጠባጥብ እንፋሎቱ ያቀልጠው ነበር፤ ነግሬዋለሁ፣ ሰው ሲበዛበት ይረሳዋል።

አይብስ? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት እኔው ነኝ፤ አንድ ቀን ከቤቴ በትንሽ ዕቃ ይዤ ሄድሁ። አይብ በእሳት አይቀልጥም፤ ወተቱ በእርሾው ኮምጣጣነት የረጋ ስለሆነ ይደርቃል እንጂ አይሳብም። ከሚጥሚጣ ጋር ተለውሶ ሥጋው ላይ ሲደረግ ጣዕሙ የክትፎን ያስታውሳል፤ ሲነከስ ግን በየጎኑ እየተንኮታኮተ ሳህን ላይ ይቀራል። ሹካ ቢኖረኝ ጥሩ ምግብ ነበር። በርገር ደግሞ ሹካ ከጠየቀ በርገርነቱ አብቅቷል።

የተሳካልኝ ሙከራ ሰናፍጭ ነው። በአሜሪካ ሰናፍጭ በርገር ላይ ጥንታዊ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልድዊን ፓርክ ላይ በ1948 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኢን ኤንድ አውት የተባለ በርገር ቤት ሥጋው ምጣድ ላይ እያለ ሰናፍጭ እየቀባ የሚጠብስበት አሠራር እስከ ዛሬ ደንበኛ አለው። የእነሱ ቢጫው ሰናፍጭ ኮምጣጤ የበዛበት ሲሆን፣ የእኛው ግን አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ነው። ቁርጥ ቤት ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጎን ሰናፍጭ የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጮማን የሚቆርጥ እንደሱ ያለ የለም። ቤቱ የታሸገውን ቢጫ ብቻ ነበር የሚያቀርበው፤ አስተናጋጇን ስጠይቅ ከጓዳ ለራሳቸው ምሳ የተዘጋጀ ሰናፍጭ በሲኒ አምጥታ ሰጠችኝ። የታችኛውን ዳቦ በስሱ ቀባሁት፤ ሽንኩርቱ ጣፋጭ፣ ቺዙ ጨዋማ፣ ሥጋው ቅባታም ነበርና የጎደለው ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲኒዋ ሳልጠይቅ ትመጣለች። አዋዜውንም ሞክሬያለሁ፤ በርበሬው የሥጋውን ቅርፊት ይውጠዋል፤ ለጥብስ ይሁንልን። ቃሪያ በቀጭኑ ተቆርጦ ጥሬውን ይሆናል፤ ካቻፕ ለችፕሱ ይቅር። ኮነቲከት ግዛት ኒው ሄቨን ውስጥ ያለው፣ በ1895 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሉዊስ ላንች በርገሩን በተጠበሰ ዳቦ መሐል ከቺዝ፣ ከቲማቲምና ከሽንኩርት በቀር ምንም ሳይጨምር እንደሚያቀርብና ካቻፕ እንደማይሰጥ ሳውቅ፣ ብቻዬን እንዳልሆንሁ ተሰምቶኛል።

ቲማቲም ካስፈለገ በስሱ ተቆርጦ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ውኃው በወረቀት ተመጥጦ ቢቀርብ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን በወፍራሙ ተቆርጦ ከማቀዝቀዣ በቀጥታ ይመጣልና ትኩሱን ሥጋ ያቀዘቅዘዋል። ሰላጣው ንጹሕና ጥርት ያለ ነው።

ዳቦው መካከለኛ ነው። ከጎረቤት ዳቦ ቤት በየጠዋቱ የሚመጣ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ዳቦ ሲሆን፣ ውስጡ ምጣዱ ላይ በቅቤ ስለሚጠበስ ጭማቂው ቶሎ አያርሰውም። አንድ ቀን ወጣቱ ንጥር ቅቤ ቀብቶ ሰጠኝ፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሥጋውን አስረስተው ዶሮ ወጥ የበላሁ ያህል አስገሡኝ። ለጋ ቅቤ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚሄድ ሰው ግን ዳቦው ጠንከር ብሎ ሊያገኘው ይችላል፤ በሰባቱ ጉብኝቴ ሁለቴ ገጥሞኛል።

ተቆጥቼ የወጣሁበት ቀን ቅዳሜ ምሽት ነበር። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ ከውጪ የሞተር አመላላሾች ተሰልፈዋል። ምጣዱ አጠገብ የነበረው ሌላ ልጅ ነው። ሥጋው አስቀድሞ ተዳምጦና ግማሽ ተጠብሶ በትሪ ተደርድሮ አየሁ፤ መውጣት ነበረብኝ፣ ነገር ግን ከስድስት ኪሎ ድረስ ያመጣሁትን ጓደኛዬን ማሳፈር አልፈለግሁም። የመጣልን በርገር ግራጫ፣ ቅርፊት አልባና ደረቅ ነበር፤ ለመሸፈንም ማዮኔዝ ሳናዝዝ ተጨምሮበት መጣ። ለአስተናጋጇ በትሕትና ስነግራት «ዛሬ ሰው በዝቶብን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይሁን እንጂ ሰው የበዛው በዚያው በጥሩው ሥጋ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ዋናው ጠባሽ ጉዳዩን ሰምቶ ኖሮ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ማታ አይምጡ» ብሎ መከረኝ፤ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ምክር ከበርገር ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቤት አስልኮ መብላትንም አልመክርም። አንድ ጊዜ በሞተር አስመጥቼ ነበር፤ በተዘጋው ሣጥን ውስጥ እንፋሎቱ ዳቦውን እንደ ፍትፍት አርሶት፣ ቅርፊቱም ለስልሶ ደረሰ። ሣጥኑ ሳይዘጋ ወይም ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ ሰላጣውና ቲማቲሙ ለብቻው ተጠቅልሎ ቢላክ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ የጾም በርገር አለ። ከምስር፣ ከድንችና ከካሮት ይሠራል፤ ጣዕሙ ደህና ነው፣ ግን ሲነከስ እንደ ተፈጨ ድንች ይሸሻል፤ በጥቂት የሽምብራ ዱቄት ቢያያዝ ይሻላል። የወደድሁለት ነገር ቢኖር ለጾሙ የተለየ መጥበሻ መጠቀማቸው ነው፤ የበሬ ጮማ የጠጣ ምጣድ ላይ የተጠበሰ ምስር ጾም ሊባል አይችልምና ይህን የማይጠነቀቁ ቤቶችን አይቻለሁ።

ዋጋው ስሄድ ለደብል ቺዝ በርገር ከችፕስ ጋር 580 ብር፣ ለስፔሻሉ 690 ብር ነበር። ለሰፈሩ ርካሽ አይባልም፤ ለሥጋው ግን አይበዛም። ሽንኩርቱንም ሰናፍጩንም እስካሁን አላስከፈሉኝም። ችፕሱ እዚያው ተልጦ የሚቆረጥ ድንች ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠበስ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ከበርገሩ አስቀድማችሁ ብሉት።

የሚሄድ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ የምሳ ሰው ሲሳሳ፣ በሥራ ቀን ቢሄድ ጥሩ ነው። ከበሩ በስተቀኝ ሦስተኛዋ ወንበር ምጣዱን ፊት ለፊት ታሳያለች። ስፔሻሉን በትሕትና እለፉትና «ደብል፣ ሽንኩርቱ ሥጋው ላይ ተደፍጥጦ፣ ያለ ማዮኔዝ፣ ሰናፍጭ ለብቻ» በሉ። የሽንኩርቱና የጮማው ጢስ በቀጥታ ወደዚያች ወንበር ስለሚመጣ ግን ከዚያ በኋላ ስብሰባ ያለበት ሰው ኮቱን መኪና ውስጥ ትቶ ይግባ።